ፑፑሳ አዲስ አበባ ውስጥ፦ ሊጡ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ

የግንፍሌው ልጅ ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። እጃችሁ የሚጣፍጥ ሰዎች እስቲ እርዱኝ።

አምና ወንድሜን ልጠይቅ አሜሪካ ሄጄ ነበር። የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው፣ ሐበሻ የሞላባት። ሰው ከዚያ ሲመለስ ስለ ሕንፃና ስለ መንገድ ያወራል። እኔ የማወራው ስለ ፑፑሳ ነው። ጓደኞቼን አሰልችቻቸዋለሁ።

ለማታውቁት፣ ፑፑሳ የኤል ሳልቫዶር ምግብ ነው። ወፈር ያለ፣ ከመዳፍ ትንሽ ሰፋ የሚል የበቆሎ ቂጣ አስቡ። ሆዱ ውስጥ አይብ አለ፣ ወይም የተፈጨ ቦሎቄ፣ ወይም ሥጋ፣ ወይም ሁሉም ተደባልቆ። የጋለ ብረት ላይ ይጋገራል። ከላዩ ኮምጠጥ ያለ ጥቅል ጎመንና ቀጠን ያለ የቲማቲም መረቅ ይደረግበታል። ወንድሜ የሚሠራበት ጋራዥ ጎን አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ምሳ ሰዓት ላይ ቀለም የነካው ቱታ የለበሱ ሰዎች ይሰለፉባታል። አስተናጋጇ ለእኔ ሹካ አመጣችልኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም በእጁ ነው የሚበላው፤ እየቆረሰ፣ ጎመኑን አብሮ እየቆነጠረ። ሹካውን ወደ ጎን አልኩት። ሐበሻ ለዚህ ሥልጠና አያስፈልገውም።

አሁን ጉዳዩ ይሄ ነው። ካዛንቺስም ፒያሳም የማውቃቸውን ሼፎች ጠየቅኩ። ፒዛ፣ በርገር፣ ሻዋርማ በል፣ ፑፑሳ ደግሞ ምንድነው አሉኝ። ስለዚህ ራሴው ልሥራው ብዬ ነጭ በቆሎ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጨሁ። በውሃ አቦካሁት። አይቡን መሀል አስገብቼ ጠፍጠፍ ሳደርገው ግን ጠርዙ ይሰነጠቃል። አይቡ ይወጣና ምጣዱ ላይ ያራል። ጣዕሙም የዚያኛው አይደለም፤ ዱቄት ዱቄት ይላል። እናቴ አጠገቤ ቆማ «ይሄ እኮ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ምን ስም ታወጣለታለህ?» ትለኛለች።

እንዳይሰነጠቅ ምን ይደረግ? የእኛ አይብ አልቀልጥ ስላለኝ በምን ልተካው? ከጓደኞቼ ግማሾቹ ጿሚ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ሙስሊም ነው። የአሳማው ነገር ለሁላችንም ከወዲሁ ይቅር።

ፈታ በሉ መለሰ፦

እናትህ ልክ ናቸው። ቂጣ ነው። ቅቤና በርበሬ ቀባ ቀባ አድርገህ ብላና ተገላገል። ግን ከተሳካልህ ጥራኝ፤ ከአቧሬ በእግሬ እመጣለሁ።

የአራት ኪሎዋ መለሰች፦

ልጄ፣ እጅህ ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ዱቄቱ ነው። የፈለግከውን ያህል ብታሸው፣ ጥሬ በቆሎ አስፈጭተህ ፑፑሳ አይወጣልህም። የሚወጣልህ እናትህ ያሉት ነው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፑፑሳ ቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐበሻ እዚያ ምን ትሠራለች አትበል፣ እንጀራ ነው። ባለቤቷ የቻላቴናንጎ ሴት ናት፤ የአገሯ ሰሜን ነው፣ ጦርነቱ ክፉኛ የመታው። የእነሱ ጦርነት በፈረንጅ ከ1980 እስከ 1992 ነው የቆየው። የእኛም ብዙ ሰው በዚያው ዘመን ነው የተሰደደው። ዋሽንግተን ዙሪያ የእኛ ምግብ ቤትና የእነሱ ፑፑሳ ቤት አንድ ሕንፃ ላይ ጎን ለጎን የምታየው ለዚህ ነው። ሴትየዋ ቆጣ ትላለች፣ እጇ ግን ወርቅ ነው። ሽሯችንን ወዳው በየሳምንቱ ታስመጣኝ ነበር።

ወደ በቆሎው ልመለስ። እነሱ በቆሎውን መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል። ለአንድ ኪሎ በቆሎ ሦስት ሊትር ውሃና 10 ግራም ያህል ኖራ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላ ብሎ ማለት ነው። ኖራውን መጀመሪያ ውሃው ውስጥ በጥብጠው፣ ከዚያ በቆሎውን ጨምር። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰህ ተወው። ፍሬውን በጣትህ ስታሸው ቆዳው ተንሸራቶ ከወጣ በቅቶታል። ንፍሮ እስኪሆን አትጠብቅ፤ መሀሉ ገና ጠንከር ማለት አለበት። እሳቱን አጥፋና ከነውሃው ክደነው፤ ይደር። ጠዋት ውሃው ቢጫ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ሽታውም ይለያል። ያንን ነው አንተ ሲልቨር ስፕሪንግ የወደድከው። ውሃውን ድፋና በቆሎውን በእጅህ እያሸህ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠበው፤ ቆዳው እየተላጠ ይሄዳል። ይሄንን ኒክስታማል ይሉታል፤ ተፈጭቶ ሲቦካ ማሳ ነው።

አንድ ነገር አደራ። በአሉሚኒየም ድስት እንዳታደርገው። ኖራ አሉሚኒየም ይበላል። እኛ ቤት ደግሞ ድስቱ ሁሉ አሉሚኒየም ነው። አይዝጌ ብረት ወይም የሸክላ ድስት ፈልግ።

ማስፈጨቱ ነው ፈተናው። ኤል ሳልቫዶር ሰፈር ውስጥ እርጥብ በቆሎ የሚፈጭ ወፍጮ አላቸው፤ ሴቶቹ በጠዋት ባልዲ ይዘው ይሄዳሉ ብላ ሴትየዋ ነግራኛለች። እዚህ እርጥብ እህል ይዘህ ብትሄድ ባለወፍጮው ያባርርሃል። እውነቱን ነው፣ ድንጋዩን ይደፍንበታል። ትንሽ ከሆነ በእጅ በሚዞረው የሥጋ መፍጫ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፈው። ብዙ ከሆነ ግን የታጠበውን በቆሎ ሰፌድ ላይ ዘርግተህ ፀሐይ አስመታው። ኮሽ ሲል እንደ ማንኛውም እህል ወፍጮ ቤት ውሰደው፣ ልም ይሁን በል። በክረምት አትሞክረው፣ ይሻግትብሃል።

ፈታ በሉ መለሰ፦

እትዬ፣ ኖራ ሲሉ ያ ግድግዳ የምንለቀልቅበት ነው? ሰው እንዳይፈጁ!

የአራት ኪሎዋ መለሰች፦

አይደለም፣ ልጅ! ለምግብ የተዘጋጀ ነው። እዚያ የሜክሲኮ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ በትንንሽ ፓኬት «ካል» ብለው ይሸጡታል። ከጠፋ ደግሞ የእንጨት አመድ። የባለቤቷ እናት ገጠር ሳሉ በአመድ ነበር የሚቀቅሉት።

የሳይንስ ፋካልቲው መለሰ፦

ኬሚስትሪ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እትዬ የሚሉት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የግንባታው ኖራም ያው ነው፣ ግን ለምግብ ስላልተጣራ ምን ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም። አትንካው። የምግቡም ቢሆን ዱቄቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ስትበጠብጥ ተጠንቀቅ።

ሊጡ ለምን ይያያዛል ላልክ፣ ስንዴ ውስጥ ሊጥ እንደ ላስቲክ እንዲሳብ የሚያደርግ ግሉተን አለ። በቆሎ ይሄ የለውም። ኖራው የበቆሎውን ቆዳ የያዘውን ማጣበቂያ ያሟሟዋል። ሙቀቱ ደግሞ ስታርቹን በከፊል ያበስለዋል። ስለዚህ ሲፈጭ የሚሳብና የሚያያዝ ሊጥ ይሆናል። ያንተ ጥሬ ዱቄት ውሃውን አልጠጣም፣ ጎን ለጎን ቆሞ ነው ያለው። የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ታስሮ ነው የሚኖረው፤ ኖራው ይፈታዋል። አውሮፓውያን በቆሎውን ከአሜሪካ ሲወስዱ አሠራሩን አልወሰዱም። በቆሎ ብቻ ይበላ የነበረው የሰሜን ጣሊያን ድሃ ገበሬ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዲሁ ሆነ። አንተ ሽሮና ጎመን የምትበላ ሰው ስለሆንክ አያሰጋህም።

ደግሞ ከፍታውን አትርሳ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አሜሪካ የተጻፈ የምግብ አሠራር ግማሽ ሰዓት ካለህ እዚህ አይበቃም። ሰዓቱን ትተህ እትዬ እንዳሉት ቆዳውን በጣትህ ፈትን።

አመድ ከሆነ ቀለም ያልነካው እንጨት ብቻ ይሁን። በፌስታል የተቀጣጠለ ከሰል አመድ አይሆንም። ነፍተህ፣ ውሃ ውስጥ በጥብጠህ፣ ሲጠል የጠራውን ውሃ ብቻ ውሰድ።

የግንፍሌው ልጅ መለሰ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድም፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ ቅዳሜ ምሳ ይሄ ሁሉ? እኔ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ነው የምገባው። በቆሎ ሳሰጣ የግቢው ዶሮ ይጨርሰዋል። አቋራጭ የለውም?

የአራት ኪሎዋ መለሰች፦

አቋራጭማ ሁለት አለ።

አንደኛው ወንድምህ ነው። እዚያ ማሴካ የሚባል የተዘጋጀ ዱቄት በየሱቁ አለ። አሁን የነገርኩህን ሁሉ አልፎ፣ ደርቆ የተፈጨ ነው። ለብ ያለ ውሃና ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው። እናንተ በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ስትልኩለት ኖራችሁ የለ? ሲመጣ ሁለት ከረጢት ይያዝ። ብድሩን ይመልስ። ግን ተጠንቀቅ፣ ተራ የበቆሎ ዱቄት ገዝቶ እንዳይመጣ። ከረጢቱ ላይ በኖራ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፏል።

ሁለተኛው ሩዝ ነው። አዎ፣ ሩዝ! ከሳን ሳልቫዶር ወደ አየር ማረፊያ ስትወጣ ኦሎኩይልታ የምትባል ከተማ አለች። በሩዝ ፑፑሳ ነው ስሟ የታወቀው። ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ቤቱ ሳይደርስ እዚያ ቆሞ ይበላል። ያች ሴትዮ ራሷ ከበቆሎው ይልቅ የሩዙን ነበር የምትወደው፤ ቀለል ይላል፣ ውጪው ኮሽ ይላል። የፎገራ ሩዝ ግዛ፣ እዚያው ሰፈርህ ወፍጮ ቤት አስፈጭ። ኖራ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ዶሮ የለ። ዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ አፍስስበትና በማንኪያ አማስለው። እጅህ ሲችለው ደህና አድርገህ እሸው። ገንፎ ስታገነፋ እንደምታደርገው ነው፣ ግን እሳት ላይ አይደለም። ለጀማሪ እኔ ይሄንን ነው የምመክረው። የበቆሎውን ጣዕም ግን አያመጣልህም፣ ያንን ልዋሽህ አልችልም።

ሊጡ የትኛውም ይሁን፣ ለስለስ ማለት አለበት። አንተ እንደ ቂጣ ጠበቅ አድርገህ ነው ያቦካኸው መሰለኝ። ትንሽ ድቡልቡል አድርገህ በአውራ ጣትህ ጫን በለው። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል፣ እጅህ ላይ ከቀረ በዝቶበታል። ከድነህ ትንሽ አሳርፈው፤ ሲያርፍ ውሃውን ስለሚጠጣ እንደገና እየው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጠገብህ ዘይት ጠብ ያለበት ውሃ በሳህን ይኑር፣ እጅህን በየመሀሉ ንከር። የሎሚ ያህል ሊጥ፣ ትልቁን ሎሚ ነው ያልኩት። በአውራ ጣትህ ጎድጓዳ ኩባያ አስመስለው። ውስጡን ሙላ፣ ግን አትስገብገብ። ጠርዙን ወደ መሀል ሰብስበህ እንደ ከረጢት አፍ ቆንጥጠህ ዝጋው። ከዚያ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጥክ ጠፍጥፈው፣ ዙሪያውን እያዞርክ። እነሱ ይሄን ሲያደርጉ ጭብጨባ ነው የሚመስለው፤ ጠዋት ሱቁን ስከፍት የምሰማው እሱን ነበር። ውፍረቱ አንድ ሳንቲም ሜትር ገደማ ይቅር። በጣም ካሳሳኸው አይቡ ይወጣል።

ጥቂት ቢወጣ ግን አትደንግጥ። ምጣዱ ላይ ፈስሶ ቡናማ የሚሆነው አይብ ነው ሰው የሚሻማበት። ያራል ብለህ ያዘንክበት ማለት ነው።

የካዛንቺሷ ባለ ካፌ ጠየቀች፦

እትዬ፣ ውስጡስ? የጾም ቢሆን ምን ይገባዋል? እውነቱን ለመናገር ለካፌዬ አስቤ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ፒዛ ሰለቸኝ።

የአራት ኪሎዋ መለሰች፦

የኔ እመቤት፣ ፑፑሳ ለጾም የተፈጠረ ነው ማለት ትችያለሽ። ቦሎቄው ብቻውን ይበቃል። የእነሱ ቦሎቄ ትንሽ፣ ቀይ ነው። የእኛ የወላይታ ቀይ ቦሎቄ ይቀርበዋል። በነጭ ሽንኩርት ቀቅለሽ ፍጪው። ከዚያ ሽንኩርት በዘይት ጠብሰሽ እዚያ ላይ አማስዪው፣ ከድስቱ እስኪላቀቅ ድረስ። ውሃ ካለው ሊጡን ይቀደዋል። ዝኩኒም ይሆናል። ፍቀጊው፣ ጨው ነስንሰሽ አቆይው፣ ውሃውን በጨርቅ ጨምቀሽ አውጪው። የእነሱ አዮቴ የሚሉት ለጋ ዱባ አለ፣ ከዝኩኒ ብዙም አይርቅም። ሽሮ ልክተትበት የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይቅርብሽ፣ ዱቄት በዱቄት ነው የሚሆነው።

ለፍስክ፣ የእነሱ አይብ ኬሲዮ ነው የሚባለው፤ የሚሳብ፣ ለስላሳ። የእኛ አይብ ፍርፍር ስለሆነ አይቀልጥም። ለፒዛ የምትጠቀሚበትን ሞዛሬላ ፍቀሽ በእጅሽ እሺው፣ አንድ ወጥ ሲሆን ሊጡ ውስጥ እኩል ይሄዳል። እዚሁ የሚመረተው ፕሮቮሎኔም ይሆናል። ሎሮኮ የምትባል የአበባ እምቡጥ ከአይብ ጋር ይጨምራሉ፤ ሽታዋ ልዩ ነው፣ እዚህ ግን አይቻት አላውቅም። ሥጋውን በተመለከተ፣ እነሱ አሳማውን ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አብስለው እንደ ሊጥ ይፈጩታል። ስብ ያለው የበሬ ሥጋ እንደዚያው አድርጊ። ዶሮ ይደርቃል።

ጎመኑን አደራ። ኩርቲዶ ነው የሚሉት፤ ያለ ኩርቲዶ ፑፑሳ ማለት ያለ ወጥ እንጀራ ነው። ጥቅል ጎመን ቀጠን አድርገሽ ክተፊ። የፈላ ውሃ አፍስሽበትና ወዲያው አጥልይው። ካሮት ፍቀሽ፣ ሽንኩርት በስሱ፣ ኦሬጋኖ፣ ጨው፣ አቼቶ። ኦሬጋኖ ከጠፋ ጦስኝ ጣል አድርጊበት፣ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ካደረ ይሻላል። ቲማቲሙን ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፍልተሽ ፍጪው፣ ቀጭን ይሁን። በርበሬ አታስገቢበት፤ ወጥ ታደርጊዋለሽ።

ለካፌ ከሆነ ትልቁ ነገር፣ ጋግረሽ አታስቀምጪ። ሊጡና ውስጡ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ ሰው ሲያዝ ጠፍጥፈሽ ጋግሪ። የቀዘቀዘ ፑፑሳ ማንም ሁለተኛ አያዝም።

የግንፍሌው ልጅ መለሰ፦

ወንድሜን ደውዬ ነገርኩት። ማሴካውን ያመጣል፣ ግን የሚመጣው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ በሩዝ እለማመዳለሁ። መጨረሻ አንድ ጥያቄ፣ እትዬ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ይሆናል? የእናቴን ለምኜ ነው የምጠቀመው።

የአራት ኪሎዋ መለሰች፦

ጥቅምት መጨረሻ አልክ? እሰይ! እነሱ የፑፑሳ ቀን አላቸው። በፈረንጅ በ2005 ምክር ቤታቸው ፑፑሳን ብሔራዊ ምግብ ብሎ አወጀና የኖቬምበርን ሁለተኛ እሑድ ሰጠው። በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ወይ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይውላል፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት። ጿሚ ጓደኞችህም በአይብ ይበላሉ። ፀሐዩም ይወጣል፤ የኖራውን በቆሎ ልሞክረው ካልክ ጊዜው ያ ነው፣ ዶሮውን እሰርና።

ምጣዱ ይሆናል፣ ግን የሸክላ ምጣድ ላይ አይብ ከፈሰሰ እናትህ አይለቁህም። በዚያ ላይ እንጀራ ይይዝባቸዋል። ወፍራም ብረት ምጣድ ወይም መጥበሻ ፈልግና ምድጃ ላይ አድርገው። ዘይት በጨርቅ አስነካው እንጂ አታፍስስ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። አንዱ ጎን ሦስት አራት ደቂቃ፣ ገልብጠህ እንደዚያው። መሀሉ ነፋ ሲል ደርሷል።

ፈታ በሉ መለሰ፦

ከአቧሬ የሚመጣውን ሰው ቆጥራችሁታል አይደል? ዶሮውን እኔ እይዘዋለሁ።